መንጃ ፈቃድ ከእኔ ይበልጣል

ዛሬ ጠዋት ሰፈራችን ያለው አደባባይ ውስጥ እየዞርኩ ነው። ቅድሚያ የእኔ ነው። አንድ ሽማግሌ በነጭ ቮልስ ከጎን ጥልቅ! ፍሬቻ የለ፣ ስፖኪዮ ማየት የለ። ፍሬን ስይዝ ቡናዬ ጭኔ ላይ ፈሰሰ። ክላክስ ባደርግ መስኮት ዝቅ አድርገው "አንተ ሳትወለድ ነው መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት!" አሉኝ። ምን ይባላል? "ይቅርታ አባባ" አልኩ። ጥፋተኛው እኔ ሆኜ አረፍኩት!

አገራችን በመንገድ ግራ ከመንዳት ወደ ቀኝ የዞረችው በ1956 ዓ.ም. ነው። እሳቸው ግን ገና አልወሰኑም መሰለኝ፣ መሃሉን ይዘው በ20 ይሄዳሉ። የወጣቱን ፍጥነት ሁሉም ይረግማል፣ ልክ ነው። ጋሼዎቹን ግን ማን ደፍሮ ይናገር? እስከ ቦሌ ከኋላቸው ተጎተትኩ። ፍሬቻዋ አሁን በርታለች። ወደ ግራ። መንገዱን ሙሉ።