ማሽኑም «ገና አልለየሁም» ማለት ይልመድ

ሁለት ሰዎች ክሊኒክ ገቡ እንበል፣ ሁለቱም ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት አላቸው፣ ካርዳቸው ላይ የተጻፈው አንድ ዓይነት ነው። አንዱ ግን ወባ ነው ሌላው ታይፎይድ። ካርዱን ብቻ አይቶ ማን ይለያቸዋል? ሐኪሙም አይለይ ኮምፒውተሩም አይለይ፣ በያዝነው መረጃ ሁለቱ ሰዎች አንድ ናቸዋ!

ፖላንዳዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ፓውላክ በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣው የረፍ ሴት ቲዎሪ (ድንበሩ ጥርት ስላላለ ስብስብ የሚያወራ ሒሳብ) የሚነሳው ከዚህ ነው። መረጃው መለየት ያልቻለው ሁሉ አንድ ላይ ይታሰራል፣ ያ ጥቅል ግራኑል ይባላል። ጥቅሉ ውስጥ ያሉት በሙሉ ወባ ከሆኑ ወባ ነው፣ አንድም ከሌለ አይደለም፣ ከተቀላቀሉ ድንበር ላይ ናቸው። ደስ የሚለኝ ይሄ ነው፣ ድንበሩን አይደብቀውም። የዛሬ ኤአይ ግን ብዙ ጊዜ «ወባ፣ 60 ፐርሰንት» ብሎ ቁጭ ይላል፣ ጥቅሉ ውስጥ የነበሩት አምስት ሰዎች ብቻ ቢሆኑስ?

ሎትፊ ዛዴህ ደግሞ (ባኩ ተወልዶ በርክሌይ ያስተማረው የፈዚ ሎጂክ፣ ማለትም ነገርን እውነት ወይም ሐሰት ብቻ ሳይሆን በደረጃ የሚያይ ሎጂክ፣ ሰውዬ) ከፓውላክ ቀድሞ በ1979 ስለ ግራኑል ጽፏል፣ በ1997 ደግሞ ሰው የሚያስበው እንዲህ ነው አለ፦ ነገሩን ይከፋፍላል፣ መልሶ ይሰበስባል፣ ምክንያትና ውጤቱን ያያይዛል። እሱ ጋ የጥቅሉ ጠርዝ ራሱ ለስላሳ ነው፣ 37.9 ዲግሪ የነበረ ሰው 38.1 ስለገባ በአንዴ ሌላ ሰው አይሆንም።

ዳታ ጨምሩበት ይፈታል የሚሉ አሉ፣ ግማሹ እውነት ነው። የደም ምርመራ ውጤት ሲጨመር ጥቅሉ ይሰነጠቃል፣ ወባው ለብቻው ይወጣል። ግን የካርድ ቁጥሩንም ከጨመርክበት እያንዳንዱ ሰው ለራሱ አንድ ጥቅል ይሆናል፣ ማሽኑም ሸመደደ እንጂ አልተማረም፣ ነገ ለሚመጣው አዲስ በሽተኛ ምንም የሚለው የለም። ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ ጥቅሉ ምን ያህል ይሁን ነው፣ እሱም የሚወሰነው ምን ልታደርግበት እንደፈለግክ ነው፤ ማግለል ለሚያስፈልገው በሽታና ፓናዶል ለሚበቃው ጉንፋን እኩል መሰንጠቅ ምን ይሠራል።

ካናዳ ያለው ያኦ የሚባል ተመራማሪ ከፓውላክ ሐሳብ ተነስቶ ውሳኔን ሦስት አድርጎታል፣ ተቀበል፣ ጣል፣ ቆይ። ጥሩ ሐኪም ድሮም «ደም ተመርምረህ ና» ይላል፣ ቆይ ማለት እሱ ነው። ይቺን ሦስተኛ መልስ የማያውቅ አፕ፣ ዲሞው ላይ የፈለገውን ያህል ፐርሰንት ቢያመጣ፣ ጤና ጣቢያ ባይገባ እመርጣለሁ።