ክብር ለሪፖርት ጸሐፊዎች

እስቲ ዛሬ ደግሞ እናመስግን። ሁሌ ወቀሳ አይሰለችም? ምስጋናዬ የሶቪየት ኅብረት መሪ በነበረው በብሬዥኔቭ ዘመን ለነበሩ ሪፖርት ጸሐፊዎች ነው። ሕዝቡ ለቋሊማ ተሰልፎ ሲውል ዕቅዱን ከመቶ በላይ ያሳኩ ጀግኖች ናቸው። «ወረቀት አይበላ!» የሚል ወገኛ አይጠፋም። ተውት፣ ዕቅድ አልገባውም።

ሙያው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዕቅዱ በቶን ከተለካ ዕቃውን ማክበድ ነው፣ አለቀ። ከብሬዥኔቭ በፊት የነበረው መሪ ክሩሽቾቭ ፋብሪካዎቹ የሚሠሩት ቻንደሌር ከልክ በላይ ከበደ ብሎ በአደባባይ አማርሮ ነበር። ምን ያማርረዋል? ጣሪያው ቢጎብጥም ዕቅዱ ሞልቷል። ወር ሲገባ ደግሞ ፋብሪካው ያንቀላፋል፣ ጥሬ ዕቃ አልደረሰማ። ወር ሊያልቅ ሲል ሌት ተቀን ነው። ነገሩ የገባው ገዢ ዕቃው የተሠራበትን ቀን አይቶ የወር መጨረሻ ከሆነ ይተወዋል። ምስጋና ቢስ!

የጥበቡ ጫፍ ግን ኡዝቤኪስታን ነው። ሞስኮ «ጥጥ ጨምሩ» አለች። የሪፐብሊኩ ፓርቲ መሪ ሻራፍ ራሺዶቭ «እሺ» አለ። ጥጡም ጨመረ፣ መዝገብ ላይ። የጋራ እርሻው ሊቀመንበር ትንሽ ጣል ያደርግበታል፣ የወረዳው አለቃም ይደግምበታል። ቁጥሩ ከላይ ያሉት ዘንድ ሲደርስ ወፍሮ ቁጭ! ችግሩ ባቡሩ ነው። ፉርጎው ጎድሎ ፋብሪካ ይደርሳል። ለዚህም መላ አለ፤ የተረካቢው እጅ ይርሳል፣ «ሙሉ ነው» ብሎ ይፈርማል። «ላም አለኝ በሰማይ» ብለን የተረትነው እኛ ነን፤ አልበው የሸጧት ግን እነሱ ናቸው። ሞስኮ ለዚህ ወተት እውነተኛ ሩብል ከፍላለች። ቅር ሊለው የሚችለው የአራል ባሕር ብቻ ነው። የወረቀቱ ጥጥ ውሃ አይጠጣም። ማሳ ላይ የበቀለው ግን ባሕሩን የሚመግቡትን ሁለት ወንዞች ጠጥቶ ደረቅ አሸዋ ላይ ጣለው።

ይህን ያህል ድል ያለ ሜዳሊያ አይሆንም። ብሬዥኔቭ 4 ጊዜ «የሶቪየት ኅብረት ጀግና» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድል ላደረጉ ታላላቅ አዛዦች የተሠራው የድል ኒሻን ደረቱ ላይ ዋለ። በ1989፣ ከሞተ ከዓመታት በኋላ፣ ኒሻኑን ነጠቁት። ምቀኞች!

ይህን ሰላም ሊያደፈርሱ የሞከሩም ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኮሲጊን በ1965 «የግዴታ ቁጥሮቹን እንቀንስ፣ ፋብሪካው ትርፉን ይይ» አለ። ሚኒስቴሮቹ በትሕትና ሰሙት፣ ቀስ ብለውም ቁጥሮቹን መለሷቸው። ብሬዥኔቭን የተካው አንድሮፖቭ ደግሞ በሥራ ሰዓት ፊልም ቤትና የሕዝብ መታጠቢያ የተገኘውን ሰው በፖሊስ አስጠየቀ። ሰውየው ሻወር ላይ ሆኖ ዕቅዱን እያሳካ እንደነበር ማን ያስረዳው?

በኋላ የመጣው መሪ ጎርባቾቭማ ባሰ። በጥር 1987 በ1,500 ፋብሪካዎች ከመንግሥት የተላኩ ጥራት ተቆጣጣሪዎች ገቡ። ለዳይሬክተሩ አይታዘዙም። ዕቃውን እያዩ «ይመለስ፣ ይመለስ» ይላሉ። ምርቱ አሽቆለቆለ፣ የሠራተኛው ጉርሻ ቀረ፣ ሠራተኛውም አጉረመረመ። ሳይቆይ ቁጥጥሩ ላላ፣ ከዚያም ተተወ። ጸሐፊዎቻችንም ብዕራቸውን አንስተው የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ቀጠሉ።