የኮዬ ፈጬ ተንታኞች ይከበሩልን!

ሰፈራችን ኮዬ ፈጬ ውስጥ ቁማርተኛ የለም። ይህን በኩራት ነው የምጽፈው። ድሮ ነበሩ። በአርሴናል ተወራርደው ቅዳሜ ማታ ቲኬታቸውን ቀደው የሚጥሉ ምስኪኖች ነበሩን። አሁን ያሉን ተንታኞች ናቸው።

ተንታኞቻችን የሚሰየሙት ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ካለችው ጀበና ቡና ነው። ስብሰባው ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ይጀመራል፤ ኒውዮርክ ገበያው የሚከፈተው ያኔ ነዋ። አሜሪካኖቹ ለብርዱ ወራት ሰዓታቸውን ወደኋላ ሲመልሱ ደግሞ ወደ 11 ተኩል ይዛወራል። የልጁ የወላጆች ስብሰባ መቼ እንደሆነ የማያውቅ አባት ይህችን የሰዓት ለውጥ አንድም ዓመት ስቷት አያውቅም። እንዲህ ያለ ዲሲፕሊን ካልተመሰገነ ምን ሊመሰገን ነው?

የሚተነተነው አንድ ጥያቄ ነው። የአሜሪካው ኩባንያ የኤንቪዲያ አክሲዮን አርብ ገበያው ሲያበቃ ከዚህ ዋጋ በላይ ይዘጋል ወይስ አይዘጋም? እንደ ፖሊማርኬት ባሉት የኢንተርኔት የትንበያ ገበያዎች «አዎ» ወይም «አይ» ትገዛለህ። «አዎ» 62 ሳንቲም ከሆነ፣ ገበያው የመሆን ዕድሉን 62 በመቶ አድርጎታል ማለት ነው። ከሆነ 1 ዶላር ይሰጥሃል። ካልሆነ 62 ሳንቲምህን ደህና ሁኚ በላት። ዶላሩ ከየት እንደተገኘ ቡናው ላይ አይጠየቅም። ነውር ነው።

አንድ ቀን የግቢያችን ጥበቃ ጠጋ ብለው ጠየቁ።

«ልጆች፣ ይሄ ኤንቪዲያ የምትሉት ምንድን ነው የሚሠራው?»

«ጋሼ፣ እሱን ይተዉት። ዋናው ነገር ከላይ ይዘጋል ወይ ነው።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ በራቸው ተመለሱ። (ለሚጓጓ ሰው፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራባቸውን ቺፖች የሚነድፍ ድርጅት ነው። በጥቅምት 2018 ከዓለም ኩባንያዎች የመጀመሪያው ሆኖ 5 ትሪሊዮን ዶላር ዋጋ አውጥቷል። ለትንተናው ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም።)

በዚህ ውርርድ የአክሲዮን ባለቤት አትሆንም። ብታሸንፍም ብትሸነፍም የኤንቪዲያ አንዲት ቅንጣት የአንተ አይደለችም። ይሄም በረከት ነው፤ ባለቤትነት ጣጣ አለው። በ2017 ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ ሲያቀርብ ተንታኞቻችንን አማክሬ ነበር።

«ትርፉ መቼ ነው የሚከፈለው?» አለኝ አንዱ።

«ዓመቱ ሲዘጋ መሰለኝ።»

ዓመት! ቡናው ትን እስኪላቸው ሳቁ። አርብ እያለ ዓመት የሚጠብቅ ማን ጅል ነው?

ትሕትናቸውም ሊነገር ይገባል። በጥር 2017 ዲፕሲክ የሚባለው የቻይና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ገበያውን አስደንግጦ፣ ኤንቪዲያ በአንድ ሰኞ 17 በመቶ ወረደ። ወደ 600 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዋጋ በአንድ ቀን ተነነ። ማክሰኞ ቡናው ላይ የተገኘ ሰው ሁሉ ይህን ቀድሞ ያውቅ ነበር። እሑድ ዕለት ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። ሰው እውቀቱን እንዲህ ሲደብቅ የት አይታችኋል?

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ወኔያቸው ነው። ከወዲያ በኩል «አይ»ን የሚይዝባቸው ብዙ ጊዜ ሰው አይደለም፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ትልልቆቹ ገንዘብ አሳዳሪዎች በኦፕሽን ገበያው (አክሲዮንን ወደፊት በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት በሚሸጥበት) ላይ የሚከፍሉትን ዋጋ ዓይን ሳይጨፈን እያነበበ የራሱን ዋጋ ያስተካክላል። የእኛ ሰው ቴሌግራም ላይ ያየው ትኩስ ዜና 62 ሳንቲሟ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። እሱ ግን ኔትወርክ ፍለጋ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ «ይሄን ገና ማንም አላወቀውም» እያለ ይገዛል። አድዋ የዘመቱት የማን አያቶች እንደሆኑ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

አርብ ማታ 5 ሰዓት፣ በብርዱ ወራት ደግሞ 6 ሰዓት ላይ የመዝጊያው ደወል ይደወላል። አርብ ድሮ ጾም ብቻ ነበር፤ አሁን ሱባኤም ተጨምሮበታል። ባለፈው አንዱ ጎረቤቴ ለጥቂት ሳንቲም ተበላ። ተበላ ማለቴ ስህተት ነው፤ ራሱ አርሞኛል። ትንተናው ልክ ነበር፣ የተሳሳተው ኤንቪዲያ ነው።

ይህን ሁሉ ጥበብ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። ለምን ለአሜሪካ ብቻ ይፈሳል? የራሳችንን ገበያ እንክፈት አልኳቸው። «ሐሙስ ውሃ ይመጣል ወይስ አይመጣም?» የሚል። ሐሳቡ ለአንድ ቡና ያህል ከተተነተነ በኋላ ውድቅ ተደረገ። መጀመሪያ ነገር «ይመጣል»ን የሚገዛ ጠፋ። ሁለተኛው ግን የመርህ ጉዳይ ነው። ውሃውን የሚከፍተው ሰውዬ ራሱ ቢወራረድስ? ውስጥ አዋቂ አይደል እንዴ! በሦስት ወር ውስጥ ብሎኩን ሁሉ ገዝቶ ያከራየናል። እንዲህ ያለ የተበላ ገበያ ውስጥ አንገባም ብለው፣ ቧንቧውን ማን እንደያዘው ወደማያውቁት ወደ ኒውዮርክ ተመለሱ።