ላም የምትለው «እምቧ» ነው

የጎንደር ሰዎች፣ በተለይ ልጅ የምታሳድጉ፣ ይህን የምናገረው ለእናንተም ለራሴም ነው።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ከገጠር መጣች። 4 ዓመት የሆናት ልጄን አቅፋ «ላም ምን ትላለች?» ብላ ጠየቀቻት። ልጄ «ሙ!» አለች። እናቴ ምንም አልተናገረችም፤ ቀና ብላ ብቻ አየችኝ። አፈርኩ።

«ሙ»ን ያስተማራት ስልክ ነው። «ኦልድ ማክዶናልድ» የሚሉትን የፈረንጁን ገበሬ ዘፈን ታውቁታላችሁ። ላም ትመጣለች፣ አሳማ ይከተላል፣ ዳክዬ ይጨመራል፤ አዲስ እንስሳ በመጣ ቁጥር ያለፉት ከነድምፃቸው ይደገማሉ። ዘፈኑን አልነቅፍም። ልጅ የሰማውን በተራ እንዲይዝ ያለማምዳል። ጥፋቱ የኛ ነው። ስልኩን ሰጥተን ዞር አልን።

የፎገራ ሜዳ እኮ ሩቅ አይደለም፤ በስሙ የሚጠራ የከብት ዝርያ አለን። ቋንቋችንም ሀብታም ነው። ኮርማ ያጓራል፣ አህያ ያናፋል፣ ፈረስ ያሽካካል፣ እንቁላል የጣለች ዶሮ ታስካካለች። የላሟ ጥጃ፣ የፍየሏ ግልገል፣ የአህያዋ ውርንጭላ ነው። ጥጃዋ ስታድግ ጊደር፣ ወንዱ ወይፈን ይባላል። ይህን የሚያውቅ ልጅ ከስንታችን ቤት ይገኛል?

ከዚህ የባሰም አለ። ከገጠር የመጣ ልጅ አነጋገሩ ሲለይብን «ባላገር» ብለን እንስቅበታለን። ኧረ ተዉ! ያ ልጅ ከብት ጠብቆ ያደገ ነው። የትኛዋ ላም እንደምትዋጋ፣ የትኛዋ እንደምትራገጥ ያውቃል። ባላገር ማለት ባለ አገር ማለት ነው። እንዴት ስድብ አደረግነው?

ማታ ስልኩን አስቀምጡት። ዜማ አይቸግርም፤ እንደ ሆያ ሆዬ አንዱ ያውርድ፣ ሌላው ይቀበል። «አያቴ ቤት አውራ ዶሮ አለ፣ ኩኩሉ ይላል» በሉ። ከዚያ በጉን ጨምሩና ወደ ዶሮው ተመለሱ። ከዚያ ላሟን። አያት በቤት ካለች እሷ ታውርድ። ቅዳሜ ገበያ ስትወጡ ደግሞ ልጁን ይዛችሁ ውጡ፤ በጉንም ፍየሉንም በጆሮው ይስማ።

እናቴ እስካሁን እኛ ጋ ናት። ትናንት ማታ አራተኛው እንስሳ ላይ ደረስን። ልጄ አህያው ላይ ጠፋባት። እናቴ «በይ እንደገና» አለቻት፤ ከአውራ ዶሮው ጀመርን።