ከአንድ ጥማድ 12 ቦታ

ከባሕር ዳር ወደ መራዊ በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ፣ ከተማው አለቀ ሲሉት አያልቅም። ጤፍ፣ ከጤፉ መሃል አራት የቆርቆሮ ቤት፣ እንደገና ጤፍ፣ ከዚያ ደግሞ በባሕር ዛፍ አጣና የታጠረ ባዶ ቦታ። እስከ መሸንቲ እንዲህ ነው። በሰባታሚትም በወረብም በኩል መልኩ ብዙ አይለይም። መሸንቲ፣ ዘጌና ጢስ ዓባይ፣ ከዓባይ ማዶ ደግሞ ዘንዘልማ፣ በከተማ አስተዳደሩ ሥር ያሉ ሳተላይት ከተሞች ናቸው። በወረቀት ከተሜ፣ በኑሮው ገበሬ የሆነው ሰው የሚገኘው በእነሱና በዋናው ከተማ መካከል ነው። ዘጌ ብቻ ለየት ይላል፤ በገዳማቱ ሥርዓት በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ስለሆነ ሰዉ በቡናው ጫካ ሥር ይኖራል፣ እንደ ሌላው የሚሸነሸን ማሳ የለውም።

ስለዚህ ዳርቻ የሚወራው ሁሉ «ሕገ ወጥ ግንባታ» ተብሎ ይዘጋል። ደላላው ይወገዛል፣ ገበሬው ይመከራል፣ አፍራሽ ግብረ ኃይል ይላካል። ሒሳቡን ቁጭ ብለው የሚሠሩት ግን ደላላውና ገበሬው ብቻ ናቸው።

እኛም እንሥራው። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው፣ 2,500 ካሬ ሜትር። ዝናቡ ከሰመረ፣ ማዳበሪያውም በጊዜው ከደረሰ 5 ኩንታል ጤፍ ታፈሰበት እንበል። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ከተማው መሬቱን ወስዶበት ምትክ መሬት ሳያገኝ ለዘለቄታው የሚነሳ ገበሬ፣ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው የአንድ ዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ ካሳ ይከፈለዋል። በቀድሞው አዋጅ 455/1997 የሚባዛው የ5 ዓመቱ አማካይ ነበር፣ ያውም በ10፤ ስለዚህ ተሻሽሏል። 5 ኩንታል በ15፣ 75 ኩንታል። ገለባው ቢታሰብም ስሌቱን አይገለብጠውም።

ያው ጥማድ 10 በ20 ሜትር እየተደረገ ቢሸነሸን 12 ቦታ ይወጣዋል፣ 100 ካሬም ይተርፋል። 75 ለ12 ሲካፈል 6 ኩንታል ከ25 ኪሎ ነው። አንዱን ቦታ ከዚህ ጤፍ ዋጋ አስበልጦ የሸጠ ገበሬ፣ ካሳ ከሚጠብቀው ጎረቤቱ ተሻለ ማለት ነው። በባሕር ዳር ዳርቻ በ6 ኩንታል ጤፍ ዋጋ ቦታ የሚሸጥ ሰው ካለ ደጁ ላይ ሰልፍ ነው የሚኖረው። በዚያ ላይ የካሳው ቀን አይታወቅም፤ ገዢው ግን ገንዘቡን ይዞ ከማሳው ዳር ቆሟል። ምክር ይህን ሒሳብ አይረታውም።

መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ስለተጻፈ፣ ሽያጩ ሌላ ስም ይሰጠዋል። አንዳንዱ ስጦታ ይባላል፤ ብዙው የብድር ውል ነው፣ ሻጩ ይህን ያህል ብር እንደተበደረ ይፈርማል። ውሉ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በሚስት በኩል ነው። የይዞታ ደብተሩ በባልና በሚስት ስም ሆኖ ሳለ ባል ብቻውን ይፈርማል፤ ዋጋው ሲንር ሚስት ወይም ልጆች ይከሳሉ፣ ገዢውም ያበደረውን ብር ብቻ ተቀብሎ ይወጣል። እዚያው ቤት ሠርቶ ከሆነ ሐዘኑ ድርብ ነው።

ከ12ቱ ቦታ መካከል መንገድ የሚባል የለም። ለመንገድና ለቦይ ከመቶ 30 እጁን ብንተው የሚቀረው 1,750 ካሬ፣ 8 ቦታ ነው። መንገድ ማለት ለሻጩ 4 ቦታ ማጣት ስለሆነ፣ የሚተወው የተጫነች አህያ የምታልፍበትን ያህል ነው። ባጃጅ እንደምንም ይገባል። የሽንት ቤት መምጠጫ መኪናና እሳት አደጋ ግን ጎናቸው ብቻ 2 ሜትር ተኩል ያህል ነው፣ መዞሪያ ሳይቆጠር።

ከመንገዱ የባሰው ፈሰሱ ነው። የጎጃም ገበሬ ሲዘራ ክረምቱን አስቦ በማሳው ላይ ፈሰስ ያወጣል፤ አግድም እያዘመመ ውኃውን ወደ ጉድባው የሚያወርድ ቦይ። ቦታው ሲሸነሸን እያንዳንዱ ገዢ በግቢው የሚያልፈውን ፈሰስ በገረጋንቲ ይደፍነዋል። ሐምሌ ሲገባ ውኃው መሄጃ አጥቶ ዝቅ ካለው ግቢ ይተኛል። አፈሩ ዋልካ ከሆነ ደግሞ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ በሩ አልዘጋ ይላል፣ ምርጊቱ ከመስኮቱ ጥግ ይፈነዳል፣ የብሎኬት አጥር ይዘማል። ዋልካው እስኪያልቅ ሳይቆፈር የተጣለ መሠረት ስንት ብረት ቢገባበት አይጠቅመውም። ቦታ በጥር ሄዶ ማየት ዓይን ጨፍኖ መግዛት ነው፤ በነሐሴ፣ ዝናብ በጣለ ማግሥት መታየት አለበት። የግድ በበጋ ከሆነ የስንጥቁን ስፋትና በአጥሩ እንጨት ላይ የቀረውን የጭቃ መስመር ይመልከቱ።

የቧንቧ ውኃ ስለሌለ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ በዚያው ግቢ ሽንት ቤትም ይቆፈራል። የተለመደው መመሪያ ሁለቱ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲራራቁ፣ የሽንት ቤቱ ወለልም ከከርሰ ምድር ውኃው ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ከፍ እንዲል ይላል። ባለ 10 በ20 ግቢ ከጥግ እስከ ጥግ ሲለካ 22 ሜትር ተኩል አይሞላም። ባለቤቱ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ አይችልም፤ ቢችል እንኳ የጎረቤቱ ሽንት ቤት ከአጥሩ ማዶ አለ። ውኃው ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። የቧንቧ ውኃ እስኪገባ የጉድጓዱን ውኃ ለልብስና ለግንባታ አድርጎ፣ የሚጠጣውን ማፍላት ወይም በውኃ አጋር ማከም፣ ሽንት ቤቱንም ጥልቅ ከማድረግ ይልቅ በግንብ ከፍ አድርጎ መሥራት ይሻላል።

መብራቱ ደግሞ ከጎረቤት ቆጣሪ ይሳባል። በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 150 ሜትር ርቀት ላይ 3,500 ዋት ምጣድ ሲሰካ፣ ከ220 ቮልቱ 30 ያህሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ምጣዱ ጋ 190 ነው የሚደርሰው፤ ኃይሉም ሩብ ያህል ይቀንሳል። እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ሊጡ ይወቀሳል። ከጎደለው ኃይል ከፊሉ ሽቦውን እያሞቀ ነው፤ በላስቲክ የተጠቀለለ ቅጥያ ካለ መጀመሪያ የሚቃጠለው እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ግብረ ኃይል አያስተካክለውም። የፈረሰ የጨረቃ ቤት ቆርቆሮው፣ ምሰሶውና ማገሩ ተለቅሞ በሳምንቱ ሌላ ማሳ ላይ ይቆማል። ባሕር ዳር ራሷ በ1950ዎቹ በጀርመን ባለሙያዎች ፕላን ሲወጣላት መንገዱ ከቤቱ ቀድሞ ነበር የታሰበው፤ ዛሬ እንግዳ የሚያደንቃቸው ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች የዚያ ውጤት ናቸው። ለዳርቻውም ይኸው ይደረግ። ለምሳሌ 20 ጥማድ፣ 5 ሄክታር ያላቸው አጎራባች ገበሬዎች በአንድ ፕላን ይግቡ። እያንዳንዱ ከመቶ 30 ለመንገድና ለቦይ ይልቀቅ፤ ዋናው መንገድ 10 ሜትር፣ መግቢያው 6 ሜትር ይሁን፣ ነባሩ ፈሰስና ጉድባ የቦዩ መስመር ሆኖ ይቆይ። ከየጥማዱ የሚቀረው 8 ቦታ ካርታ ወጥቶለት በባልና በሚስት ስም ለራሱ ለገበሬው ይሰጥ። ክልሉ ለዚህ ሕግ ማውጣት አለበት። 75 ኩንታል ለ8 ሲካፈል 9 ኩንታል ከ37 ኪሎ ተኩል ነው፤ ቦታው ያለ ጥርጥር ከዚያ በላይ ያወጣል፣ ካርታ ካለው ደግሞ ይብሳል። ከተማውም ለመንገዱ ካሳ አይከፍልም።

ሕግ ለጣሰ ሽልማት ነው የሚል ይኖራል። ገና ላልሸጠው ነው የሚሰጠው፤ የሸጠው 12ቱን ሸጧል። ገበሬው ገንዘቡን በዓመት ጨርሶ በገዛ ማሳው ላይ ዘበኛ ሆኖ ይቀራል የሚለው ስጋት ግን እውነተኛ ነው፣ በተግባር እየታየ ነው። ይህ የሚብሰው ብሩ በአንድ ጊዜ እጅ ሲገባ ነው። 8 ካርታ ያለው ሰው እንደ ጎተራ እህል አንድ በአንድ ሊያወጣ ይችላል፤ አንዱን ለልጁ፣ በአንዱ ላይ የኪራይ ቤት።

ሥራው የሚጀመረው ጤፉ ከተወቃ በኋላ፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ ነው፤ ሰኔ ከገባ መሬቱ መኪናም ቀያሽም አያስገባም። በየቦታው ጥግ የኮንክሪት ችካል 60 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ ይቀበር፣ ከላይ አንድ ስንዝር ይታይ። ያልተሸጠው ቦታ መታረሱ አይቀርም፤ በሬዎቹ ሲያዞሩ ችካሉ እንዳይነቀል፣ ማረሻውም እንዳይሰበር አናቱ በኖራ ይቀባ።