ልጄን «መልሰህ ምታ» ብዬዋለሁ

ጥያቄው፦ በትምህርት ቤት ጉልበተኞች የሚያስቸግሩት ልጅ መልሶ ይምታ ወይስ ይናገር? ተከራካሪዎቹ ሁለት የሐዋሳ ነዋሪዎች ናቸው፤ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ አባትና በሌላ ትምህርት ቤት የምታስተምር መምህርት።

አባት፦ የምንኖረው አቶቴ ነው። ልጄ ለሁለት ወር ምሳ ዕቃውን ባዶ ይዞ ሲመለስ እናቱ «ጎሽ የኔ ልጅ» ትለው ነበር። እሱ ግን ቦርሳውን ሳያወርድ ዳቦ ይጠይቃል። አንድ ቀን ምሳ ዕቃውን ላጥብ ስከፍተው የክዳኑ ጎማ ውስጥ አሸዋ አገኘሁ። ስጠይቀው አለቀሰ። ሁለት የስድስተኛ ክፍል ልጆች ከሽንት ቤቱ ጀርባ እየጠበቁ ምሳውን ይበሉበታል። ሙድ ይይዙበታል። ሲጨርሱ ዕቃውን መሬት ላይ ይወረውሩታል። ያን ቀን «መልሰህ ምታ» አልኩት። አልጸጸትም።

መምህርት፦ ልጁ አንጀቴን በላኝ። ምክርዎ ግን የባሰ ያስመታዋል። እኩያሞች ሲጣሉ ጠብ ይባላል። ይህ ጠብ አይደለም። ዳን ኦልዌየስ የሚባለው የኖርዌይ ተመራማሪ ብዙ ዓመት ያጠናው ይህንኑ ነው። ጥቃት የሚለየው በመደጋገሙና በአቅም አለመመጣጠኑ ነው ይላል። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ሁለት የስድስተኛ ክፍል ልጆችን እንዴት አድርጎ ይመታል? ልጅዎን የጎዳው ዝምታው ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል።

አባት፦ ደጃዝማችነት! ልጄ የፈለገው ምሳውን ነው። ደግሞስ ዝም አለ ያለዎት ማን ነው? በመጀመሪያው ሳምንት ለመምህሩ ተናግሯል። «አሳባቂ» ተባለ። ከዚያ ምሳውን ከበሉበት ልጆች ጋር እኩል ተንበረከከ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው ይላል። ጉልበቱ ላይ የጠጠሩን ምልክት ያየሁት ግን እኔ ነኝ። ተናገር የምትሉት ለዚህ ነው?

መምህርት፦ ማንበርከኩ ጥፋት ነው። ግን አንድ መምህር ስላጠፋ ሁላችንንም በአንድ ዓይን አይዩን። መስፈርቱ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው። እኔ 74 አስተምራለሁ። የሁሉንም ምሳ ዕቃ ከፍቼ ማየት አልችልም። ስለዚህ ልጁ መናገር አለበት። አንዱ ካልሰማው ለዩኒት ሊደሩ፣ እሱም ካልሰማ ለርዕሰ መምህሩ ይንገር። እርስዎም ለወላጅ መምህር ኅብረት ያመልክቱ።

አባት፦ አሁንም ተናገር! ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ስንት ቢሮ ያንኳኳ? ለደጃዝማችነት ደጅ የሚጠኑት እኮ አዋቂዎች ነበሩ። ሰው ልጅ እያስተማረ ይህን ተረት እንዴት ይጠቅሳል? ያ የኖርዌይ ተመራማሪም ልጆች ይናገሩ ብቻ ብሎ አልተወውም። በእረፍት ሰዓት አዋቂዎች ግቢውን በደንብ ይቆጣጠሩ ብሎ መክሯል። እሱን ለምን ዘለሉት? ሁለት ወር ሙሉ ከዚያ ሽንት ቤት ጀርባ አንድ አዋቂ ብቅ አላለም።

መምህርት፦ አንዲቷን ተረት ስንት ጊዜ ይመልሷታል? ከፍቶኛል። ለልጅ የማላዝን አስመሰሉኝ። እኔ ምሳዬን የምበላው ክፍል ውስጥ፣ ከልጆቹ ጋር ነው። የእረፍት ሰዓቴ ነው። ማንም እንዲህ አድርጊ አላለኝም። አምና አንዲት ልጅ ጀርባዋን ለክፍሉ ሰጥታ፣ ምሳ ዕቃዋን በክንዷ ከልላ ስትበላ አየሁ። ምንም አልተናገረችም። አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ። በማግስቱም እዚያው ተቀመጥኩ። በሳምንቱ ክንዷን አነሳች።

አባት፦ መጀመሪያ ይህን ቢጽፉልኝ ኖሮ ይህን ያህል አልናደድም ነበር። እርስዎ ራስዎ እንዳሉት ያቺ ልጅ አልተናገረችም። ያየቻት መምህር ስለነበረች ነው የተረፈችው። የእኔም ልጅ የሚያየው ሰው ያግኝ። ሰኞ ትምህርት ቤቱ ሄጄ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ በእረፍት ሰዓት ከሽንት ቤቱ ጀርባ የሚቆመው ማን ነው? ስሙን እስኪነግሩኝ ድረስ «መልሰህ ምታ» ያልኩትን አላነሳም።