«ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው»

ሕዝብ ሲቆጣ ባለሥልጣን መጀመሪያ የሚያደርገው ማመስገን ነው። እዚህ ሰሜን ሸዋ ስብሰባ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። አንዲት እናት ይነሣሉ። «ውሃ ከጠፋ ወር አለፈው። ጀሪካን ስንሸከም ወገባችን ተቆረጠ!» ይላሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። ሰብሳቢው ፈገግ ብለው ማይኩን ይስባሉ። «በቅድሚያ እናታችንን ስለ ድፍረታቸው አመሰግናለሁ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው።» ኧረ ጌታዬ፣ ምስጋና ጀሪካን አይሞላም!

ቀጥሎ ታሪክ ይመጣል። እኛ ጋ ደግሞ ታሪክ ሞልቷል፤ የጠፋው ውሃው ነው። አፄ ምኒልክ አንጎለላ ተወለዱ። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። እናውቃለን። ግን ስለ ቧንቧ በጠየቅን ቁጥር እንደ አዲስ ይነገረናል። «ይህ ጀግና፣ ይህ ጨዋ ሕዝብ…» ሲባል ልምድ ያለው ተሰብሳቢ ጋቢውን ማጣፋት ይጀምራል። ጨዋ ከተባልክ ውሃው አይመጣም ማለት ነው።

እኔን የሚያዝናናኝ ግን የማስታወሻ ደብተራቸው ነው። ሕዝቡ ሲናገር ሰብሳቢው ይጽፋሉ። ሲሰደቡም ይጽፋሉ። አንዴ ፊት ወንበር የተቀመጠ ጎረቤቴ አንገቱን አስግጎ አየው። ክብ ነው። ክብ በክብ ላይ፣ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ። አንደኛው ክብ ጆሮ ሁሉ አውጥቷል። ተናጋሪው በተቆጣ ቁጥር እስክሪብቶው ይፈጥናል።

ሰኔ ላይ ማዳበሪያ ላጣ የጅሩ ገበሬ መልሱ ለየት ይላል፦ «ጅቡቲ ደርሷል።» መቼም ያገራችን ማዳበሪያ በዚያ በኩል ነው የሚገባው፣ ውሸት ነው አይባልም። ያ ጥቁር አፈር ግን ውሃ ከጠጣ በኋላ ማንንም አይጠብቅም። አንድ አባት ተነሥተው «ጌታዬ፣ ጅቡቲማ አምናም ደርሶ ነበር» አሉ። እሱም ተመዘገበ። ክብ ሆኖ።

ድሮ ይሄ ብልሃት አልነበረም። የካቲት 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ ሲያቆሙ ጃንሆይ የቤንዚን ዋጋ ቀነሱ። የወታደሩም ቁጣ አልበርድ ሲል በዚያው ወር የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥራውን ለቀቀ። የዋሆች! «ትልቅ ግብዓት ወስደናል፣ ኮሚቴ እናዋቅራለን» የሚል አንድ ሰው አጥተው እኮ ነው።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል ነበር። አሁን በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ተመራጭ ኃላፊነቱን ካጓደለ ይጠየቃል፤ ሕዝብ እምነት ካጣበትም ሊያነሣው ይችላል። ይህን አንቀጽ የሚጠቅስ ጎበዝ ሲነሣ ግን ማይኩ ይበላሻል። አለዚያም የሻይ ሰዓት ይደርሳል።

ሻዩ ደግሞ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ትኩስ ሻይና ዳቦ ያየ ሰው ግማሹ ቁጣ እዚያው ይወጣለታል። እጁን በብርጭቆው እያሞቀ ስለ ልጅ ሠርግ ያወራል። ሲመለስ ሰብሳቢው የሉም። አስቸኳይ ስብሰባ ገጥሟቸዋል። ወንበራቸው ላይ የተቀመጠው ምክትል ጉሮሮውን ጠረግ ያደርጋል።

«እኔ ለቦታው አዲስ ነኝ» ይላል። «እስቲ ጥያቄውን ከመጀመሪያው ጀምሩልኝ።»